ተገፍታ የማትነሳ መኪና

ፍኖተ ሰላም ላይ መኪና አስፋልት መሀል ቆማ አልነሳ ካለች ሹፌሩ ሰው መለመን አያስፈልገውም። ኮፈኑን ገና ሳይከፍት ከሻይ ቤቱ በረንዳ ጎረምሶች ይነሳሉ፤ ሊስትሮው ብሩሹን ያስቀምጣል፤ በቆሎ ጭኖ ወደ ገበያ የሚነዳው ገበሬ እንኳ አህያውን ለልጁ አስይዞ ጠጋ ይላል። ወዲያው መዳፍ ከመዳፍ ጎን ይደረደራል። «ሁለተኛ አስገባ! ፍሪሲዮን ያዝ! ያዝ! ... በቃ ልቀቅ!» ትእዛዙ ከሁሉም አፍ ነው የሚወጣው። መኪናዋ ትንገጫገጫለች፣ ታስነጥሳለች፣ ትነሳለች። ሹፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ ያመሰግናል፤ ገፊዎቹም ወደ ሻያቸው ይመለሳሉ። ማን እንደገፋ ማንም አይመዘግብም። ይህን የከተማዬን ጠባይ አጥብቄ እወደዋለሁ። ሌላ ቦታ ሹፌር ሲቸገር ጥሩምባ ይነፋበታል፤ እዚህ ትከሻ ይሰጠዋል።

ኦቶማቲክ መኪና ግን በዚህ ደግነት አትነሳም። መንደሩ ሁሉ ቢገፋት ትንከባለላለች እንጂ ሞተሯ አይዞርም። ማንዋል መኪና ላይ ጎማው ሲሽከረከር ካምቢዮውን ያዞራል፣ ካምቢዮው ደግሞ በፍሪሲዮኑ በኩል ሞተሩን ያዞራል። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን ፍሪሲዮኖች የሚጨብጣቸው የዘይት ግፊት ነው፤ ግፊቱን የሚሰጠው ፓምፕ የሚሠራው ደግሞ በሞተሩ ነው። ሞተር ከቆመ ፓምፕ ቆመ፣ ፓምፕ ከቆመ ግፊት የለም፣ ግፊት ከሌለ ጎማና ሞተር አይገናኙም።

ባለፈው ጥቅምት፣ ገበያ ቀን፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና እንዲህ ሆና አየሁ። ጎረምሶቹ እስኪያልባቸው ገፍተዋት አቁመዋል። አንዱ በመስኮት ጎንበስ ብሎ፣ «ሲስተር፣ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቅሽው እኮ» ይላል። ሴትየዋ ነርስ ናት፤ ነጩን ጋዋን እንደለበሰች መሪውን ይዛ ተቀምጣለች። «ወንድሜ፣ ፍሪሲዮን የላትም» አለችው። ልጁ ወደ ፔዳሎቹ አየ። ሁለት ናቸው። ሦስተኛውን ፈልጎ ሲያጣ ፊቱ ላይ የታየው መገረም አልረሳውም፤ መኪና ሲገፋ ነው ያደገው፣ እንዲህ ያለ ግን አላጋጠመውም።

አገራችን የማንዋል አገር ነው። ከደምበጫ ተነስተህ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳ አድርገህ ቡሬ እስክትገባ መንገዱን የሞላው አይሱዙ፣ ሲኖትራክ፣ ቅጥቅጥ፣ አባዱላ፣ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ነው። በመኸር ሰሞን በቆሎና በርበሬ የጫነው መኪና ከዳር እስከ ዳር ይሰለፋል። ቡሬ ላይ መንገዱ ሲከፈል አንዱ ወደ ኮሶበርና ባሕር ዳር ይቀጥላል፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል፤ በሁለቱም ላይ ሹፌሮቹ ቀኝ እጃቸውን ከማርሽ አይለዩም። መካኒኮቻችን የተማሩት እነዚህ ላይ ነው። የባሌስትራ ስብራት በድምፅ ይለያሉ፤ የተበላ ፍሪሲዮን በማሽተት ያውቃሉ። ኦቶማቲኮቹ ቪትዝና ያሪስ፣ አልፎ አልፎም ኮሮላ፣ ከአዲስ አበባ እጅ እየዞሩ የመጡ ናቸው። ስለዚህ አንዷ ስትበላሽ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ባሕር ዳር ውሰጃት» የሚል ነው። ባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ 387። በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ሞተሩ የሚያዞረው የፊት ጎማቸውን ነው፤ ኦቶማቲክ የሆነችውን የፊት ጎማዋ መሬት ይዞ ሩቅ መጎተት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ ፓምፑ ስለማይሠራ ዘይት ሳይደርሳቸው የሚሽከረከሩት የካምቢዮው ጥርሶችና ቡሾች ይቃጠላሉ። ስለዚህ የመሬት ከፍታ ተፈልጎ፣ ሳንቃ ተደርጎ፣ አይሱዙ ላይ ትጫናለች። የጭነቱ ሂሳብ ብቻውን የአንድ ነርስ የወር ደመወዝ ያናጋል።

የዚያች መኪና ሕመም ምን ነበር? ቁልፍ ሲዞር ክሩስኮቱ ላይ ያለው ሁሉ ይበራል። ሬዲዮው ይጮኻል። ጥሩምባው ጤነኛ ነው። ሞተሪኖው ግን ዝም። ባትሪ የደከመ እንደሆነ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ሞተሪኖውም እያቃሰተ ሊዞር ይሞክራል፣ ወይ ሪሌው «ጠቅ ጠቅ» ይላል። እዚህ «ጠቅ» የሚል ነገር የለም። ሲስተር እንደነገረችን ነገሩ የጀመረው ባትሪ ካስቀየረች ወዲህ ቀስ ብሎ ነው፦ ጠዋት ጠዋት እምቢ ትላለች፤ ማርሹን ከፒ (ከመቆሚያው) ወደ ኤን (ወደ ዜሮው) ስታመጣው አንዳንዴ ትነሳለች፤ ማርሹን ወዝወዝ ስታደርገውም ትነሳለች። ይህን ልማድ ይዛ ወራት ሄደች። በመጨረሻ ወዝወዙም አልሠራ አለ።

ከከበባት ሕዝብ ግማሹ «ባትሪ ነው»፣ ግማሹ «ሞተሪኖ ነው» ሲል፣ ከመንገዱ ማዶ በኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራው የመኪና ኤሌትሪሻን መጥቶ ዝም ብሎ ክሩስኮቱን አየ። ካቻቢቴም ቴስተርም በእጁ የለም። ማርሹ ፒ ላይ ነው፤ ክሩስኮቱ ላይ ግን የፒ ምልክት አልበራም። ኤኑም ዲውም (የፊት መንጃው) አልበራም። ቦታው ጨለማ ነው። «ሲስተር፣ ይቺ ፊደል መጥፋት የጀመረችው መቼ ነው?» አላት። ልብ እንዳላለችው ነገረችው። ማን ልብ ይላል? ማርሹን የምናስገባው በእጃችን ነው፤ የት እንዳለ እጃችን ያውቃል፣ ዓይናችን አይጠየቅም።

መኪናዋ ግን ዓይንም እጅም የላትም። ማርሹ የት እንዳለ የምታውቀው በአንዲት ጠፍጣፋ ዕቃ ነው። ከማርሹ ሥር የተነሳ የሽቦ ገመድ እስከ ካምቢዮው ጎን ይሄዳል፤ እዚያ ከካምቢዮው ሆድ የሚወጣ አጭር ዘንግ ያዞራል። የማርሽ ቦታ ሴንሰር የሚባለው በዚያ ዘንግ ላይ ተሰክቶ በሁለት ብሎን ይታሰራል፤ ስፋቱ የሕፃን መዳፍ ቢያክል ነው። ከቀድሞዎቹ በብዙዎቹ ውስጥ የመዳብ መስመሮችና በላያቸው የሚንሸራተት ጣት አለ። ማርሹ ፒ ላይ ሲሆን ጣቱ አንዱን ጥንድ ያገናኛል፣ አር (የኋላ ማርሽ) ላይ ሌላውን፤ ኤን፣ ዲ፣ ሁለት፣ ኤል እያለ እንዲሁ ይቀጥላል። አዳዲሶቹ መዳቡን ትተው በማግኔት ያውቃሉ። ከዚህች ዕቃ ሦስት ወገኖች ወሬ ይጠብቃሉ። ሞተሪኖው «ፒ ወይም ኤን ነው» ካልተባለ ኤሌክትሪክ አያገኝም። የኋላው ነጭ መብራት «አር ነው» ሲባል ይበራል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ማርሽ መቀያየሩን የሚወስነው ከዚሁ በሚሰማው ነው። አንዱን ሽቦ ብቻ ሲያጣ አንዱ ወገን ብቻ ይታመማል። ሁሉም ሲያጡ መኪናዋ ደንዝዛ ትቆማለች፤ ወይም በአንድ ማርሽ ብቻ እያዘገመች ትሄዳለች፤ ወይም ከኤን ወደ ዲ ሲገባ እንደ ተመታች ትደነግጣለች።

በዚህ መሀል ስልኩን የያዘ ልጅ ደረሰ። ከመሪው ሥር ባለችው ሶኬት የምትሰካ፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትነጋገር ትንሽ ሰማያዊ መመርመሪያ አለችው፤ ዛሬ ዛሬ በየከተማው አትጠፋም። ሰካት። ስልኩ «ፒ 0705» የሚል የብልሽት ቁጥር አወጣ። ልጁም «ሴንሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር» ብሎ ፈረደ።

ቆም ብዬ ማለት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ድሮ በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ማስረጃ የለም፣ ጥያቄ የለም፤ ልጁ ወድቋል፣ አለቀ። የመመርመሪያውን ቁጥር የምንቀበለው ልክ በዚህ መንገድ እየሆነ ነው። 0705 ማለት ምን ማለት ነው? ኮምፒውተሩ ከማርሽ ቦታ መስመር የሰማው ወሬ አይገጣጠምም ማለት ብቻ ነው፤ ወይ ምንም ቦታ አልተነገረውም፣ ወይ ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ ተነግሮታል። ወሬውን ያበላሸው ሴንሰሩ ይሁን፣ ሶኬቱ ይሁን፣ መሀል መንገድ ላይ ያለው ሽቦ ይሁን፣ ገመዱ ላልቶ ይሁን፣ ብሎኑ ተፈቶ ይሁን ቁጥሩ አይናገርም። ሰፈሩን ነው የጠቆመው፤ ሌባውን አይደለም። መመርመሪያዋን አልጠላትም፤ ትልቅ ነገር ናት። ግን ከእሷ በኋላ ሰው መጠየቅ አለበት፤ አለበለዚያ ያልሰረቀው ይከፍላል።

ኤሌትሪሻኑ መጠየቅ ያውቃል። መጀመሪያ ከጎማዎቹ ሥር ታኮ አስደረገ፤ የእጅ ፍሬኑንም አስያዘ። ከዚያ ቁልፉን ሳያስነሳ አብርቶ ሲስተርን ፍሬን አስረገጣትና ማርሹን ከፒ አስወጣት። ወጣ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ማርሹን የሚለቀው መቆለፊያ እየሠራ መሆኑን ነገረው፤ ስለዚህ የፍሬኑ መብራት ስዊች ከተጠርጣሪዎች ወጣ። ቀጥሎ «አር ላይ አድርጊው» አለና ከበስተኋላ የቆሙትን ልጆች «ነጩ መብራት በራ?» ብሎ ጠየቀ። «አልበራም!» አሉ በአንድ ድምፅ። «ሲስተር፣ ማርሹን ሳታወጪ ወደ ኤን በኩል ትንሽ ጎተት አድርጊው።» ጎተት አደረገችው። «በራ! ጠፋ! በራ!» ልጆቹ ጨዋታ ሆነላቸው። እሱ ግን ፊቱ ተፈታ። የሞተ ሴንሰር በመጎተት አይነሳም። ይቺ ዕቃ በሕይወት አለች፤ የተቀመጠችበት ቦታ ነው የተዛባው።

ባትሪውን አውጥቶ ከሥሩ ያለውን ሳህን ፈታ። በብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ ሴንሰሩ ከዚያ ሥር ነው የተደበቀው፤ ለማየት ባትሪው ካልተነሳ አይሆንም። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለት ነገር ታየ። አንደኛ፣ ከሁለቱ ብሎኖች አንዱ ራሱ ላይ አዲስ የቁልፍ ጭረት አለ፤ አንድ ሰው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ፈትቶት ነበር። ሁለተኛ፣ ሶኬቱ ሲነቀል ከውስጡ ሁለት ጠብታ ውኃ ወረደ፤ ከፒኖቹ ሁለቱ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል።

ውኃው ከየት መጣ? እዚህ ላይ ስለ ላቫጆ ላንሳ። በእኛ አገር ክረምቱ ረጅም ነው፣ ጭቃው ቀይና ተጣባቂ ነው። መስከረም ሲጠባ መኪና ሁሉ ለአዲስ ዓመት መታጠብ ይፈልጋል። ላቫጆ ያሉት ልጆች ታታሪዎች ናቸው፤ ኮፈን ከፍተው ሞተሩንም በግፊት ውኃ ያጥባሉ፣ ባለቤቱም ሲያብረቀርቅ አይቶ ይደሰታል። ያ ግፊት ግን ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። የሶኬት ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ውኃውን ያስገባል፣ መልሶ አያስወጣም። እርጥበቱ ፒኑን ቀስ እያለ ይበላዋል፤ ለዚህ ነው ሕመሙ ጠዋት ጠዋት የሚብሰው፣ ሞተር ሞቆ ሲደርቅ ደግሞ የሚሻለው። መኪና የሚያጥቡ ልጆች ይህን ቢነገራቸው ይሰማሉ፤ የነገራቸው ሰው የለም እንጂ። አንድ ፌስታል ሶኬቶቹ ላይ ጣል ማድረግ በቂ ነው፤ ባይታጠብ ደግሞ የተሻለ።

በእኛ አገር ሽቦ ሌላም ጠላት አለው፤ አይጥ። መኪናውን ከበቆሎ ጎተራ አጠገብ የሚያሳድር ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ኮፈኑን ከፍቶ ቢያይ መልካም ነው። አይጥ የሞተሩን ሙቀት ትወዳለች፤ የሽቦ ልባስ ትቆረጥማለች። በዚያች መኪና ላይ ጥርሷ አልታየም። ኤሌትሪሻኑ ግን ሽቦውን ከሶኬቱ እስከ መያዣው ድረስ በሁለት ጣቱ ሳይዳብስ አላለፈም።

ፒኖቹን በኮንታክት ማጽጃ ረጭቶ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈጋቸው፤ ፀሐይ ላይ አደረቃቸው። ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጠው ላይ አድርጎ ሁለቱን ጫፎች የሞተሪኖው መስመር ከሚያልፍባቸው ፒኖች ላይ አሳረፈ። ፒ ላይ፣ ዝምታ። ኤን ላይ፣ ዝምታ። ማርሹ ትንሽ ሲጎተት፣ «ጢጢጢ»። ከዚህ በኋላ መጠራጠር አልቀረም። ማርሹን ኤን ላይ አድርጎ ሁለቱን ብሎኖች አላላ። የብሎኑ ቀዳዳ ሞላላ ስለሆነ ሴንሰሩ ወዲህና ወዲያ ይዞራል፤ ገላው ላይ ደግሞ ቀጭን የኤን መስመር ተቀርጿል። ያን መስመር ዘንጉ ላይ ካለው ስርጉድ ጋር እኩል አደረገ። ያዞረው ርቀት ከስንዴ ፍሬ ውፍረት አይበልጥም። ያዘ፣ አጠበቀ። ቴስተሩ ኤን ላይ ጮኸ፣ ፒ ላይ ጮኸ፣ አር ላይ ዝም አለ፣ ዲ ላይ ዝም አለ። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

ዲ ላይ ዝም ማለቱ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ይጠይቃል። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን ኦቶማቲክ ካምቢዮ ይዞ የወጣው ለ1940 የኦልድስሞቢል ሞዴል ነው (እዚህና ከዚህ በታች ያሉት የአሜሪካ ዓመቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ የማርሾቹ ቅደም ተከተል ዛሬ የለመድነው አልነበረም፤ ፋብሪካው ሁሉ በራሱ ልብ ይደረድር ነበር። በአንዳንዶቹ ላይ የኋላ ማርሽ ከዝቅተኛው የፊት ማርሽ ጎን ነበር፤ እጅ ትንሽ ሲያልፍ ወደ ፊት የተባለችው መኪና ወደ ኋላ ትሄዳለች። ራልፍ ናደር በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ከወቀሳቸው ነገሮች አንዱ ይህ አደራደር ነው። ከ1968 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ የዋለው 102ኛው የአሜሪካ የመኪና ደኅንነት ደንብ ኤን በፊትና በኋላ ማርሽ መካከል እንዲሆን አዘዘ፤ ማርሹ በፊት ወይም በኋላ መንጃ ላይ ሳለ ሞተሪኖው እንዳይሠራም ደነገገ። ፍኖተ ሰላም ላይ ከባትሪ ሥር ያየናት ዕቃ ያንን ሥራ ነው የምትሠራው።

ስለዚህ በየቦታው የሚደረገውን «ዳይሬክት ማድረግ» አጥብቄ እቃወማለሁ። ሴንሰሩ ሲያስቸግር ሁለቱን የሞተሪኖ ሽቦዎች ቆርጦ ፊት ለፊት ማገናኘት ቀላል ነው፤ መኪናዋ ወዲያው ትነሳለች፣ ባለቤቱም «እጁ መድኃኒት ነው» ብሎ ያሞግሳል። ከዚያ በኋላ ግን መኪናዋ ዲ ላይ ሆናም ትነሳለች፣ አር ላይ ሆናም ትነሳለች። በእኛ ግቢ ውስጥ ከመኪና ፊት ምን አለ? ልጅ አለ። በርበሬ የምትለቅም እናት አለች። ሰሌን ላይ የተሰጣ እህል የሚጠብቁ አዛውንት አሉ። አንድ ቀን አንድ ሰው ቁልፍ ያዞራል፣ ማርሹ ዲ ላይ ቀርቷል፣ መኪናዋ ትዘላለች። ሰው ከተገደለ በኋላ ሽቦውን መፍታት ምን ይጠቅማል? ሥራው ያስቸግር፣ ቀን ይፍጅ፤ መሀል መንገድ ላይ የቀረ ሰው ቤቱ እስኪገባ ካልሆነ በቀር ዳይሬክት አይደረግ፤ ዳይሬክት የተደረገ መኪና ለሌላ ሰው መሸጥም ሆነ ማዋስ ነውር ነው።

ዓባይ በረሃን አስቡት ደግሞ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ደጀን ላይ ከከፍታው ጫፍ ይቆማል፤ ከዚያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ በጃፓን እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ይሻገርና ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። ያን ቁልቁለት የጭነት ሹፌሮች በከባድ ማርሽ፣ ሞተራቸው እያጉረመረመ ነው የሚወርዱት። ፍሬን ብቻውን ከተረገጠ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ አይይዝም። ኦቶማቲክ የሚነዳ ሰው በዲ መውረድ የለበትም፤ ኤል (ዝቅተኛው ማርሽ) ወይም ሁለት ላይ ማድረግ አለበት። አሁን ሴንሰሩ የተዛባባትን መኪና አስቡ። ሹፌሩ ኤል አስገብቷል፤ ኮምፒውተሩ ግን ኤል መሆኑን አልሰማም። በብዙ መኪኖች ላይ ያ ማለት የሞተሩን መያዝ ሳያገኝ ይወርዳል ማለት ነው። ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ክሩስኮቱ ላይ ያለችውን ፊደል ማየት የግማሽ ሴኮንድ ሥራ ነው። ለእጃችን ብቻ መተው የለብንም የምለው ለዚህ ነው።

ብሎኑ ጠብቆ፣ ባትሪው ተመልሶ፣ ሲስተር ቁልፉን አዞረች። ፊደሏ በራች። ሞተሩም ተነሳ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ሴንሰሩ በእርግጥ ሞቶ ቢሆንስ? ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ እዚያ ከተፈታ መኪና የወጣ ይገኛል፤ ግን ያገለገለ ሴንሰር የሌላ መኪና ድካም ይዞ እንደሚመጣ መርሳት አይገባም፤ ከመከፈሉ በፊት በቴስተር ይጠየቅ። ከዚያ በአውቶቡስ ይላካል። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በክልላችን በአማራ በሆነው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ዕቃው ለሳምንታት ቆሞ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜም የሽቦ ቀለም ከስልክ ላይ ማየት አልተቻለም፤ የሚያውቅ ሰው በደብተሩ የጻፈው ነበር የሚፈለገው። ያ ኤሌትሪሻን እንዲህ ያለ ደብተር አለው፤ ዳሩ በዘይት የጠቆረ፣ በየገጹ የሶኬት ሥዕልና የፒን ቁጥር የተሣለበት። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ሙያ ኮሌጆች ተማሪዎቻቸውን ወደ እንዲህ ያለ ሰው ቢልኩ፣ ደብተሩንም በፎቶ ቢያስቀሩት፣ ታላቅ ሥራ ይሆናል።

ጊዜውም ይህን ይጠይቃል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ወደፊት የሚመጡት በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ናቸው። በብዙዎቹ ላይ ከማርሹ የሚነሳ ገመድ የለም፤ ቁልፍ ተጭኖ ወይም ዘንግ ነክቶ «ዲ» ይባላል፣ ሁሉም በሽቦ ወሬ ነው። ያሉት ቪትዞችና ያሪሶች ደግሞ ተተኪ ስለሌላቸው ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፤ እያረጁ ይሄዳሉ፤ ሶኬታቸው ይደርቃል፣ ገመዳቸው ይላላል። ወሬውን ማን አበላሸው ብሎ በትዕግሥት የሚጠይቅ ሰው በየወረዳው ያስፈልገናል።

ሲስተር «ስንት ልክፈል?» ስትል ከቆሙት አንዱ፣ «ምን ዕቃ ቀየረና ነው? ብሎን ነው እኮ ያላላው» አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፤ ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለማወቅ አንከፍልም። በዚህ የተነሳ መካኒኩ እንጀራውን ለማግኘት ያልሞተ ዕቃ ገድሎ መቀየር ይማራል። ሲስተር ግን ወደ ሰውየው ዞራ፣ «እኔስ በሽተኛ መርምሬ መድኃኒት አያስፈልገውም ስለው ደመወዜን ልመልስ?» አለችውና ለኤሌትሪሻኑ የጠየቀውን ሳትከራከር ሰጠችው። እሱም «ባትሪውን ያስቀየርሽ ጊዜ ነው ብሎኑ የተነካው፤ ከእንግዲህ ማን እንደሚነካው ቆመሽ እይ። ላቫጆም ሞተሩን በግፊት አያጥቡብሽ» አላት።

እሷ እንደሄደች አንድ የባጃጅ ልጅ ቀረበ። «ጋሼ፣ የእኔዋ ማርሽ ገብቶም አረንጓዴው የዜሮ መብራት አይጠፋም፤ መብራቱን ልቀይረው?»

«መብራቱ ምን አደረገህ? ታኮ አድርግባትና መጀመሪያ ሽቦውን እንየው» አለና ቴስተሩን አነሳ።